ካሜራው የቴሌስኮፑን መቀመጫ እንዳይመታ፦ ክፍተትን የመለካትና የማስተካከል ዝርዝር መመሪያ

ለዓይን እይታ ብቻ ሲያገለግል የቆየ ቴሌስኮፕ ከኋላው ካሜራ በተገጠመለት ቀን፣ ወደ ላይ ቀና ሲል ከገዛ መቀመጫው ጋር ሊጋጭ ይችላል። ማውንቱን፣ ማለትም ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረውን ክፍል፣ የነደፈው ፋብሪካ ከቱቦው ጀርባ ይኖራል ብሎ የሚያስበው ብዙ ጊዜ አንድ ዲያጎናል (ብርሃኑን ወደ ጎን የሚያጥፍ መስተዋት) እና አንድ አይፒስ (በዓይን የሚታይበት ሌንስ) ብቻ ነው፤ ሪዲዩሰር (ምስሉን የሚያሳንስ ሌንስ)፣ ፊልተር ዊል (ፊልተሮችን የሚያቀያይር ሣጥን)፣ ካሜራና የገመድ መሰኪያ ሲደራረቡ ግን የቱቦው ጭራ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ግጭት ሲፈጠር ሞተሩ በራሱ አውቆ አይቆምም፤ መግፋቱን ይቀጥላል። በዚህ መካከል የማርሽ ጥርስ ሊበላ፣ ቀበቶ ሊንሸራተት ወይም የካሜራው የዩኤስቢ መሰኪያ ሊሰበር ይችላል፤ ምንም ባይሰበር እንኳ በሌሊቱ መጀመሪያ የተደረገው የኮከብ አሰላለፍ (ማውንቱን በከዋክብት ከሰማዩ ጋር ማስማማት) ይፋለሳል።

ችግሩ በየትኛውም አገር ያለ ቢሆንም በኢትዮጵያ ይብሳል። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ ጁፒተር፣ ሳተርንና ማርስ የዕለቱ ከፍተኛ ቦታቸው ላይ ሲደርሱ በየትኛውም ዓመት ከአድማስ በግምት ከ54 ዲግሪ በላይ ናቸው፤ የኦሪዮን ኔቡላ ደግሞ እስከ 75 ዲግሪ ድረስ ይወጣል። ዋሽንግተን የሚኖር ሰው ያንኑ ኔቡላ ቢበዛ በ46 ዲግሪ ገደማ ስለሚያየው፣ ካሜራው መቀመጫው ላይ ይድረስ አይድረስ ሳያውቅ ለዓመታት ሊሠራበት ይችላል። ዘመድ ከውጭ ይዞት የመጣው ቴሌስኮፕ «እዚያ ደህና ይሠራ ነበር» ተብሎ እዚህ ሲጋጭ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ዕቃው አልተበላሸም፤ እዚህ ግን ፎቶ ሊነሣ የሚገባው አብዛኛው ነገር በአናታችን አጠገብ ያልፋል።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ገንዘብ ከማይጠይቀው መፍትሔ ተነሥቶ ወደሚጠይቀው ይሄዳል። መለኪያውን ዘልሎ ወደ ግዢ መሄድ ግን አይመከርም፤ ችግሩን የሚወስኑት ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ስለሆኑ፣ ሳይለኩ የተገዛ አዳፕተር ወይ ከሚያስፈልገው በላይ ነው ወይ ለጥቂት አይበቃም።

አንደኛ፦ ማውንትዎ የትኛው እንደሆነና የት እንደሚጋጭ ይለዩ

ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞር ባለ ሹካ ወይም ባለ አንድ ክንድ ማውንት ካለዎት፣ ለምሳሌ የሴለስትሮን ኔክስስታር 8ኤስኢን የመሰለ፣ ግጭቱ የሚፈጠረው ቱቦው ወደ ሰማይ አናት ሲቀና በካሜራውና በሹካው መቀመጫ መካከል ነው። የጀርመን ኢኳቶሪያል የሚባለው፣ ሚዛን የሚጠብቁ ክብደቶች በዘንግ ላይ የሚንጠለጠሉበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሁለት የተለያዩ የግጭት ቦታዎች አሉት፦ የቱቦው ጭራ ከትራይፖዱ እግር ጋር፣ እንዲሁም ክብደቶቹ ከትራይፖዱ እግር ወይም ከምሰሶው ጋር። ሁለቱ የሚፈቱበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል።

ዶብሶኒያን (መሬት ላይ የሚያርፍ የሣጥን መቀመጫ) ላይ የተቀመጠ ኒውቶኒያን (በመስተዋት የሚሠራ ቴሌስኮፕ) ካለዎት ካሜራው የሚገጠመው በቱቦው የላይኛው ጫፍ ጎን ስለሆነ ከመቀመጫው ጋር የሚጋጭበት አጋጣሚ አነስተኛ ነው፤ የዚያ ቴሌስኮፕ ችግር ሌላ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

ሁለተኛ፦ ሦስት ቁጥሮችን ይለኩ

ለዚህ የሚያስፈልጉት ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ማስኪንግ ቴፕና እርሳስ ናቸው። የመቀመጫውን አግድምነት በውሃ ልክ ካረጋገጡና ቱቦውን አግድም ካደረጉ በኋላ፣ በባለ ሹካ ማውንት ላይ የሚከተሉትን ይለኩ። የመጀመሪያው ቱቦው ከሚዞርበት የከፍታ ዘንግ መሐል እስከ መቀመጫው የላይኛው ገጽ ያለው ቁመት ነው። ሁለተኛው ከዚያው ዘንግ መሐል ወደ ኋላ እስከ ካሜራው የመጨረሻ ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። ሦስተኛው ከቱቦው መሐል መስመር ወደ ታች የሚወጣው የካሜራው ወይም የፊልተር ዊሉ ስፋት ነው።

ሁለተኛውን ሲለኩ ገመዶቹ ተሰክተው ይሁን። የዩኤስቢና የኤሌክትሪክ መሰኪያ ከካሜራው ጀርባ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ ገመዱ ራሱ ሲታጠፍ የሚፈልገው ቦታም አለ። ብዙ ሰው ካሜራውን ብቻውን ለክቶ «ያልፋል» ካለ በኋላ ሌሊት ላይ የሚሰበረው መሰኪያው ነው። መሰኪያው በቀጥታ የሚወጣ ከሆነ ባለ 90 ዲግሪ ጫፍ ያለው ገመድ መግዛት በጠቅላላው ሥራ ውስጥ ርካሹ ማሻሻያ ነው።

ፊልተር ዊል ካለዎት ሦስተኛውን ቁጥር በጥንቃቄ ይውሰዱ። የፊልተር ዊል ሣጥን ከቱቦው መሐል ጋር እኩል የተቀመጠ አይደለም፤ በአንድ ወገን ብዙ፣ በሌላው ወገን ጥቂት ይወጣል። የሚለኩት ወደ መቀመጫው የዞረውን ወገን ነው።

ሦስተኛ፦ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ያውጡ

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከዘንጉ እስከ መቀመጫው ያለው ቁመት 300 ሚሊ ሜትር፣ ከዘንጉ እስከ ካሜራው ጫፍ ያለው ርዝመት 310 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ታች የሚወጣው ስፋት ደግሞ 60 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። በባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ላይ ግማሽ መጠን አድርገው፣ ማለትም 300ውን 150፣ 310ሩን 155፣ 60ውን 30 ሚሊ ሜትር አድርገው ይሣሉት። መቀመጫውን በአንድ አግድም መስመር፣ ዘንጉን ከመስመሩ በላይ በአንድ ነጥብ፣ የካሜራውን የታችኛ ጥግ በሌላ ነጥብ ካመለከቱ በኋላ፣ የኮምፓሱን መርፌ ዘንጉ ላይ ተክለው እርሳሱን በካሜራው ጥግ ላይ ያሳርፉና ያዙሩት። ቅስቱ መቀመጫውን የሚነካበት ቦታ የእርስዎ ወሰን ነው።

ጥጉ የሚዞርበት ራዲየስ የሚገኘው የርዝመቱን ካሬና የስፋቱን ካሬ ደምሮ ሥሩን በማውጣት ነው። በምሳሌያችን ይህ 316 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከ300 ስለሚበልጥ ይጋጫል፤ የሚጋጨውም ቴሌስኮፑ 61 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲደርስ ነው። ከ61 ዲግሪ በላይ ያለው ሰማይ ለካሜራው ዝግ ነው ማለት ነው። ከላይ ከተነገረው የፕላኔቶች ከፍታ ጋር ሲነጻጸር ይህ ትንሽ ጉዳት አይደለም፤ በአናታችን አጠገብ የሚያልፍ አንድ ነገር ከ60 ዲግሪ በላይ የሚቆይበት ጊዜ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ አየሩ ንጹሕና ምስሉ የረጋ የሚሆነውም በዚሁ ጊዜ ነው።

የዚህ ስሌት ዋናው ጥቅም ግን ሌላ ነው። ርዝመቱን ከ310 ወደ 300 ቢያሳጥሩት ወሰኑ ከ61 ወደ 67 ዲግሪ ይወጣል። ወደ 295 ካሳጠሩት 74 ዲግሪ ላይ ይደርሳል። 293 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ግን ራዲየሱ ከ300 ያንሳል፤ ከዚያ በኋላ ካሜራው የትም አይነካም። አሥራ ሰባት ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአንድ አውራ ጣት ስፋት የማይሞላ ርዝመት፣ በ61 ዲግሪ ከታገደ ቴሌስኮፕና ሙሉ ሰማይ ከተከፈተለት ቴሌስኮፕ መካከል ያለ ልዩነት ነው። የመጨረሻዎቹ ሚሊ ሜትሮች ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ብዙ ዲግሪ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ «ትንሽ ብቻ ነው የጎደለው» የሚል ሰው ችግሩን ለመፍታት ቅርብ ነው እንጂ ተስፋ የሚቆርጥበት ምክንያት የለውም።

ከዚሁ ስሌት የሚወጣ አንድ ወጥመድ አለ። ርዝመቱ 295 በሆነበት ሁኔታ ቱቦው ቀጥ ብሎ 90 ዲግሪ ላይ ሲቆም በካሜራውና በመቀመጫው መካከል 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይታያል። ይሁንና ከ74 እስከ 83 ዲግሪ ባለው መካከል የካሜራው ጥግ ይነካል። ቱቦውን ወደ አናት አቅንቶ ካሜራውን እዚያው የገጠመ ሰው ክፍተቱን አይቶ ይተማመናል፤ ቱቦው ወደ ታች መመለስ ሲጀምር ነው የሚጋጨው። ስለዚህ ካሜራውን ሁልጊዜ ቱቦው አግድም ሆኖ ይግጠሙ፤ በ90 ዲግሪ ላይ ማለፉንም እንደ ማረጋገጫ አይውሰዱ።

አራተኛ፦ በእጅ ያዙሩት

ስሌቱ ቀኝና ግራ የሚወጡትን ነገሮች፣ የፎከሰር (የትኩረት ማስተካከያ) ጎማውን፣ የሹካውን ክንድና በመቀመጫው ላይ ያሉ መሰኪያዎችን አይቆጥርም። ሙከራው የሚደረገው በቀን ብርሃን ነው። ከካርቶን ካሜራውን የሚያህል ሣጥን ይሥሩ፤ የመሰኪያውን ርዝመት ጨምረው ጀርባው ላይ ሌላ ካርቶን ይለጥፉና ሁሉንም በማስኪንግ ቴፕ ከቱቦው ጀርባ ያያይዙት። የማውንትዎ ክላች የሚላላ ከሆነ ኤሌክትሪኩን ዘግተው፣ ክላቹን አላልተው፣ ቱቦውን በእጅ ደግፈው በዝግታ ከአድማስ እስከ አናት ያንሡት። ክላች የሌለው ከሆነ በመቆጣጠሪያው ቀስት ቁልፎች በመካከለኛ ፍጥነት ያንቀሳቅሱት፤ በከፍተኛው ፍጥነት ፈጽሞ አይሞክሩት፤ ጣትዎን ከቁልፉ ላይ ባነሡበት ቅጽበት አይቆምምና። ካርቶኑ መንካት ሲጀምር የሚያዩትን ከፍታ ይጻፉ።

ከሚነካበት ከፍታ ላይ 5 ዲግሪ ቀንሰው ያንን የሥራ ወሰንዎ ያድርጉት። ካሜራው ሙሉ በሙሉ የሚያልፍ ከሆነም ቢያንስ የ10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ ሪዲዩሰርና አዳፕተር ከክብደት የተነሣ ጥቂት ይዘማሉ፣ ገመድም በሌሊት ቦታውን ይለውጣል።

አምስተኛ፦ በባለ ሹካ ማውንት ላይ ያሉ መፍትሔዎች

ከሁሉ በፊት የሚሞከረው ማዞር ነው። ፊልተር ዊሉን ብዙ የሚወጣው ወገኑ ወደ ላይ እንዲሆን፣ የኦፍ አክሲስ ጋይደሩን (ክትትሉን ለማረም ከዋናው ካሜራ ፊት ጥቂት ብርሃን የሚወስደው ክፍል) ካሜራም እንዲሁ ከመቀመጫው በተቃራኒ እንዲወጣ አድርገው ይግጠሙ። በምሳሌያችን ስፋቱን ከ60 ወደ 40 ሚሊ ሜትር መቀነስ ወሰኑን ከ61 ወደ 66 ዲግሪ ያሳድገዋል፤ አንድ ብርም አያስወጣም። በባለ ሹካ ማውንት ላይ የቱቦው የታችኛ ወገን ሌሊቱን ሙሉ ያው ስለሆነ አንድ ጊዜ ያስተካከሉት አይለወጥም።

ቀጥሎ ቱቦውን ወደ ፊት ማንሸራተት ነው። ቱቦው ዶቭቴል በሚባል፣ በቱቦው ርዝመት በተገጠመ ሐዲድ የሚታሠር ከሆነ፣ እንደ 8ኤስኢ፣ ማሠሪያውን አላልተው ቱቦውን ወደ ፊት በገፉት መጠን ጭራው በዚያው ልክ ያጥራል። ይህ መፍትሔ ሁለት ጥቅም አለው፤ ካሜራው ከኋላ የጨመረው ክብደት ቱቦውን ወደ ኋላ ስለሚያዘነብለው ወደ ፊት መግፋቱ ሚዛኑንም ያስተካክላል። ማሠሪያውን ሲያላሉ ቱቦውን ሌላ ሰው ይያዝልዎት፤ አለዚያ አግድም አድርገው ከሥሩ ትራስ ያኑሩ። ሐዲዱ ማሠሪያው ውስጥ የሚይዝበት ርዝመት እንዳያንስ፣ የመጨረሻዋ የደኅንነት ብሎንም በቦታዋ እንዳለች ያረጋግጡ። በሁለት ክንድ ሹካ መካከል በብሎን የታሠረ ቱቦ ግን አይንሸራተትም፤ ለእርሱ ያለው መንገድ የሚቀጥለው ነው።

ሦስተኛው የካሜራውን ሰንሰለት ማሳጠር ሲሆን ብዙ ማሰብ የሚጠይቀውም ይኸው ነው። በመጀመሪያ የትኛው ርዝመት እንደሚነካና የትኛው እንደማይነካ ይወቁ። ተራ ሽሚት ካሴግሬን ቴሌስኮፕ (እንደ 8ኤስኢ ያለ፣ ብርሃኑን በሁለት መስተዋት አጥፎ ከኋላ የሚያወጣ) ትኩረቱን የሚያስተካክለው ዋናውን መስተዋት በማንቀሳቀስ ስለሆነ፣ ያለ ሪዲዩሰር ሲሠራ ካሜራውን ወደ ቱቦው ማቅረብ ይቻላል። ባለ 0.63 ሪዲዩሰር ከተገጠመ ግን ከሪዲዩሰሩ ጀርባ እስከ ካሜራው ሴንሰር 105 ሚሊ ሜትር እንዲኖር ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ማሳጠር ይቻላል፣ ነገር ግን ማሳነሻው ይቀንሳል፣ የምስሉ ጠርዝም ሊበላሽ ይችላል። 8 ኢንች ኤጅኤችዲ (ሌላ የሴለስትሮን ቱቦ) ያለው ሰው ደግሞ ከቱቦው ጀርባ እስከ ሴንሰሩ 133.35 ሚሊ ሜትር የሚለውን መጠን መጠበቅ አለበት። እዚህ ላይ ክፍተትና የምስል ጥራት ይቀናቀናሉ፤ የእኔ ምክር የተወሰነውን ርቀት ጠብቆ ከሌላ ቦታ መቀነስ ነው።

ሌላው ቦታ የት ነው? ዲኤስኤልአር ካሜራ የሚጠቀም ሰው ብዙ ጊዜ ከቱቦው ጀርባ ለአይፒስ የታሰበውን መያዣ ሳያነሣ በላዩ ላይ ባለ 2 ኢንች አፍንጫ ያለው አዳፕተር ይሰካል። መያዣውን አንሥቶ በቀጥታ በጥርስ የሚታሠር አዳፕተር መጠቀም ጭራውን በግልጽ ያሳጥራል፤ ካሜራው እንዳይወልቅም ይጠቅማል። በአንድ ጥርስ ላይ ሌላ፣ በሌላው ላይ ሌላ የተደራረበ የማስማሚያ ቀለበት ካለ፣ ሁለቱን ጫፎች ብቻ የሚያገናኝ አንድ አጭር ቀለበት ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ ይቻላል፤ ለቶርኖ ባለሙያው ናሙናዎቹን ራሳቸውን ይዘው መሄድ ሥዕል ከመስጠት ይሻላል፣ የቴሌስኮፕ ጥርሶች እርሱ በየዕለቱ ከሚሠራቸው የውሃ ቧንቧና የማሽን ጥርሶች የተለዩ ናቸውና።

ሪዲዩሰሩ ወይም ፍላትነሩ (የምስሉን ጠርዝ የሚያስተካክለው ሌንስ) እስከ ሴንሰሩ 55 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚፈልግ ከሆነ እያንዳንዱን ክፍል መደመር ያስፈልጋል። ሴንሰሩ 17.5 ሚሊ ሜትር ውስጥ የገባ ካሜራ፣ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፊልተር ዊልና 16.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ኦፍ አክሲስ ጋይደር ሲደመሩ 54 ይሆናሉ። ቀሪው 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፊልተሩ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ትኩረቱን በግምት በ1 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ስለሚገፋው የሚጨመረው ቀለበት 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እንዲህ በተጣበበ ሰንሰለት ውስጥ የሚቀነስ ነገር የለም፤ ያለው አማራጭ ማዞርና ማንሸራተት ብቻ ነው።

ፕላኔት በቪዲዮ የሚቀዳ ሰው የተሻለ ዕድል አለው። ካሜራው ትንሽ ነው፤ ሰንሰለቱን የሚያስረዝሙት ባርሎው (ምስሉን የሚያጎላው ሌንስ) እና የከባቢ አየር ቀለም ማረሚያው ናቸው። የብዙ ባርሎዎች ሌንስ ያለበት ጫፍ ይፈታል፤ ያንን ብቻ በካሜራው አፍንጫ ላይ ቢያሥሩት 2 እጥፍ የነበረው ወደ 1.5 እጥፍ ገደማ ይወርዳል፣ ርዝመቱም በእጅጉ ያጥራል። 2.9 ማይክሮን ፒክሰል ላለው ካሜራና ኤፍ/10 ለሆነ (የትኩረት ርዝመቱ የመክፈቻው ስፋት 10 እጥፍ ለሆነ) ቴሌስኮፕ ይህ የሚገኘው ኤፍ/15 እንዲያውም ተስማሚ ነው። የቀለም ማረሚያውን በተመለከተ፣ የከባቢ አየር የብርሃን መበተን የሚከፋው ፕላኔቱ ዝቅ ሲል ነው፤ ከ60 ዲግሪ በላይ ጥቂት ነው። በአውሮፓ የሚሠሩ ሰዎች ያለ እርሱ እንዳይሠራ የሚመክሩት ፕላኔቶቹ ለእነርሱ ዝቅ ስለሚሉ ነው። እኛ ጁፒተርን በአናታችን አጠገብ ስናነሣ አውልቀን ማስቀመጥ እንችላለን፤ ክፍተቱም አብሮ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ዲያጎናልን ወደ ጎን አዙሮ ካሜራውን በእርሱ ላይ መግጠም ይቻላል። ጭራው ያጥራል፣ ካሜራው ወደ ጎን ይወጣል፤ ምስሉ እንደ መስተዋት ይገለበጣል እንጂ በሶፍትዌር መልሶ ማስተካከሉ ቀላል ነው። ወደ ጎን የወጣው ካሜራ ከሹካው ክንድ ጋር እንዳይጋጭ በባለ አንድ ክንድ ማውንት ላይ ከክንዱ በተቃራኒ ወገን ይሁን። ለትንሽ የፕላኔት ካሜራ ይህ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ለከባድ ካሜራና ለረጅም ኤክስፖዠር ግን ስለሚዘም አልመክረውም። ቱቦው የሚቀበለው ከሆነ ደግሞ ሃይፐርስታር የሚባለው ሌንስ ካሜራውን ወደ ቱቦው ፊት አምጥቶ ቴሌስኮፑን ወደ ኤፍ/2 ገደማ ይለውጠዋል። ያን ጊዜ ከኋላ የሚጋጭ ነገር ጭራሹኑ አይኖርም፤ ዋጋው ግን ለክፍተት ብቻ ተብሎ የሚከፈል አይደለም።

ሽብልቅ፣ ማለትም ሹካውን ወደ ሰሜን ኮከብ የሚያዘነብለው መቀመጫ፣ ራሱን የቻለ ነገር ነው። ሹካው በሽብልቅ ላይ ሲቀመጥ ካሜራው የሚጋጭበት የሰማይ ክፍል ከአናት ተነሥቶ ወደ ሰሜን ዋልታ ይሄዳል፤ ዋልታው ለአዲስ አበባ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ እዚያ የሚታጣው ሰማይ ማንም ፎቶ የማያነሣበት ነው። ሐሳቡ ሲታይ እንከን የለሽ ይመስላል። ዳሩ ግን በ9 ዲግሪ ላይ ሹካው ተኝቷል ማለት ይቻላል፤ ሙሉ ክብደቱ በአንድ ወገን ተንጠልጥሎ ይቆማል፣ በትንሽ ነፋስ ይንቀጠቀጣል፣ ትራይፖዱም ወደ ሰሜን ሊገለበጥ ይችላል። በሲሚንቶ ምሰሶ ላይ በቋሚነት ለሚተክል ሰው ይሆናል፤ በትራይፖድ ለሚሠራ ሰው ግን አልመርጠውም።

እንዲያውም ሽብልቅ የሌለው ባለ ሹካ ማውንት ለእኛ ያለው አንድ የተደበቀ ጥቅም አለ። በእንዲህ ያለ ማውንት ረጅም ኤክስፖዠር የሚበላሸው ምስሉ ቀስ በቀስ ስለሚዞር ነው፤ ይህ መዞር በሰሜንና በደቡብ እንዲሁም በአናት አጠገብ ፈጣን፣ በቀጥታ ምሥራቅና ምዕራብ ግን እዚህ ግባ የማይባል ነው። ከዋክብት ለእኛ ከምሥራቅ ወደ ላይ ቀጥ ብለው ስለሚወጡ ለሰዓታት በዚህ ጥሩ ቦታ ይቆያሉ። ወሰኑ 60 ዲግሪ የሆነ ሰው ኔቡላውን በምሥራቅ ከ30 እስከ 60 ዲግሪ ሲወጣ አንሥቶ፣ በአናት አጠገብ ያለውን ጊዜ ለሌላ ነገር አውሎ፣ በምዕራብ ሲወርድ እንደገና ቢቀጥል ከክፍተቱ ችግር ጋር ሳይታገል ጥሩ ሥራ ይሠራል።

ስድስተኛ፦ የጀርመን ኢኳቶሪያል ማውንት

እዚህ መጀመሪያ የሚታየው የማውንቱ የኬክሮስ መጠን ነው። የሴለስትሮን ኤቪኤክስ ከ7 እስከ 77 ዲግሪ፣ የስካይዎቸር ኢኪው6-አር ከ5 እስከ 65 ዲግሪ ይቀበላሉ፤ ሌሎች ከ15 ወይም ከ20 ዲግሪ የሚጀምሩ አሉ። አርባ ምንጭ በ6፣ ሐዋሳ በ7፣ ጎንደር በ12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆኑ ከመግዛት በፊት የራስን ከተማ ማየት ይገባል። ማውንቱ 9 ዲግሪን ይቀበላል ማለት ግን ክብደቶቹ ያልፋሉ ማለት አይደለም።

ምክንያቱ ይህ ነው። የክብደቱ ዘንግ ወደ ታች ሲንጠለጠል ከቋሚው መስመር የሚያዘነብለው በኬክሮሱ ልክ ነው። ርዝመቱ 400 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ በ50 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ጫፉ ወደ ሰሜን 306 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ በ9 ዲግሪ ግን 63 ሚሊ ሜትር ብቻ። ይህ ከራሱ ከክብደቱ ግማሽ ስፋት ብዙም አይለይም፤ ስለዚህ ክብደቱ በትራይፖዱ ሰሜናዊ እግር ላይ ያርፋል። ይህ የሚሆነው ቴሌስኮፑ በመነሻ ቦታው ሲቆም፣ በምሥራቅ ወይም በምዕራብ ዝቅ ያለ ነገር ሲያይ፣ እንዲሁም ከሜሪዲያን (ከሰሜን ወደ ደቡብ በአናት ላይ የሚያልፈው መስመር) ማዶ ለማዶ በሚገለበጥበት ጊዜ ሁሉ ነው።

ክብደቶቹን በተቻለ መጠን ወደ ማውንቱ ራስ አቅርበው ያሥሩ፤ ሚዛኑ ካልመጣ ዘንጉን ከማስረዘም ይልቅ ሌላ ክብደት ይጨምሩ። ሰሜናዊውን እግር ወደ ደቡብ ማዞር ክብደቱ በሁለቱ እግሮች መካከል እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ለዚህም በብዙ ትራይፖዶች ላይ ያለችው የአቅጣጫ ማስተካከያ ሹል ብረት ተፈትታ በተቃራኒው ቀዳዳ መታሠር አለባት። ይህን ሲያደርጉ ሁለት ነገሮች እንደሚከተሉ ይወቁ። የመጀመሪያው መገልበጥ ነው፤ በዚህ ኬክሮስ የማውንቱ ራስ ወደ ሰሜን ይወጣል፣ እግሩ ከሰሜን ሲነሣ ደግሞ ትራይፖዱ በዚያ ወገን ያለው ድጋፍ በግማሽ ይቀንሳል። በደቡቡ እግር ላይ አሸዋ የተሞላ ከረጢት ያሥሩ። ሁለተኛው፣ እግሮቹ አሁን በሰሜን ምሥራቅና በሰሜን ምዕራብ ስለሚሆኑ ቱቦው ወደ አናት ሲቀና ጭራው ወደ እነርሱ ይቀርባል። አንዱን ግጭት የፈታው ሌላውን ሊያመጣ ስለሚችል የካርቶኑን ሙከራ እንደገና ማድረግ ግድ ነው።

ለጭራው ግጭት ትክክለኛው መድኃኒት በትራይፖዱና በማውንቱ መካከል የሚገባ የምሰሶ ማራዘሚያ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ማራዘሚያ ቱቦው ከእግሮቹ በላይ እንዲዞር ያደርጋል፤ ብረት ቤት ሊያሠሩት ከሆነ ቱቦው ቀጭን፣ የላይና የታች ሳህኖቹ ግን ወፍራም ይሁኑ፤ ወፍራም ምሰሶ ራሱ ለክብደቶቹ እንቅፋት ይሆናል።

ማራዘሚያ ከሌለ በሚዛን የሚሠራ አንድ ዘዴ አለ። ረጅም ሪፍራክተር (በሌንስ የሚሠራ ቴሌስኮፕ) ላይ ካሜራው አጠገብ፣ ከኋላ በኩል፣ ትንሽ ክብደት ቢጨምሩ ሚዛኑ የሚመጣበት ነጥብ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ቱቦውን ወደ ፊት መግፋት ስለሚቻል ጭራው ያጥራል። ሲታይ የተገላቢጦሽ ነው፤ ብዙ ሰው ከኋላ የከበደውን ለማመጣጠን ከፊት ክብደት ይጨምርና ጭራውን ይበልጥ ያስረዝመዋል።

ሃርሞኒክ ድራይቭ የሚባሉት አዳዲስ ማውንቶች፣ እንደ ዜድደብሊውኦ ኤኤም5 ያሉት፣ እስከ 13 ኪሎ ግራም ያለ ሚዛን ክብደት ስለሚሸከሙና ከ0 እስከ 90 ዲግሪ ስለሚስተካከሉ የክብደቱን ግጭት ያስቀራሉ። የጭራው ግጭት ግን በእነርሱም ላይ ያው ነው፤ ትራይፖዱም ቀላል ስለሆነ የመገልበጥ ስጋቱ ይጨምራል።

ሰባተኛ፦ ወሰኑን ለማሽኑ ይንገሩት

የደረሱበትን ቁጥር በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያስገቡ። በኔክስስታር መቆጣጠሪያ ላይ በስኮፕ ሴታፕ ሥር ስሉው ሊሚትስ የሚል ቦታ አለ፤ ከፍተኛውን ወሰን የለኩት ከፍታ ሲቀነስ 5 ዲግሪ አድርገው ይሙሉት። ይህ ወሰን የተሠራው በዋናነት መሣሪያው በራሱ ወደ ኮከብ ሲሄድ እንዲያስጠነቅቅ ነው፤ አንድን ነገር እየተከተለ ቀስ እያለ ከወሰኑ በላይ ሲወጣ ይቆም እንደሆነ በቀን ይፈትኑት፤ ካልቆመ ፎቶው የሚያልቅበትን ሰዓት አስልተው ማንቂያ ይሙሉ። ኮርድራፕ የሚለውንም ያብሩት፤ ገመዱ በመቀመጫው ዙሪያ እንዳይጠመጠም ይከላከላል።

በኢኳቶሪያል ማውንት ላይ በኒና ወይም በኤኤስአይኤር (ማውንቱንና ካሜራውን የሚመሩ ሶፍትዌርና መሣሪያ) የሚሠራ ሰው ቴሌስኮፑ ሜሪዲያንን ሲያልፍ የሚገለበጥበትን ጊዜ ይወስናል። ብዙዎች ከሜሪዲያን በኋላ ጥቂት ደቂቃ መቆየትን ይመርጣሉ። ለእኛ በአናት አጠገብ የሚያልፍ ነገር ጭራውን ወደ እግሩ የሚያቀርበው በዚያች ደቂቃ ስለሆነ፣ የካርቶኑ ሙከራ ጭራው ሜሪዲያንን ሳያልፍ እንደሚነካ ካሳየ ቴሌስኮፑ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ መከተሉን እንዲያቆምና ነገሩ ሜሪዲያንን ካለፈ በኋላ እንዲገለበጥ ያድርጉ። ከተገለበጠ በኋላ ካሜራው ወደ ሌላው ወገን ስለሚዞር ቀድሞ ወደ ላይ የነበረው ፊልተር ዊል አሁን ወደ እግሩ ሊያይ ይችላል፤ ስለዚህ ሙከራው በምሥራቅም በምዕራብም ወገን መደረግ አለበት፤ ካሜራ፣ ቀለበት ወይም ገመድ በተለወጠ ቁጥርም እንደገና ይደረጋል።